የከባዱ ሃይድሮጅን ዱካ

ሐዋሳ ገበያ ላይ ቅቤ የሚገዛ ሰው የሚያምነው አፍንጫውን ነው። ሻጯ የተጠቀለለበትን ኮባ ገለጥ ታደርግለታለች፤ እሱ በጥፍሩ ጫፍ ጥቂት ቆንጥሮ ያሸታል፣ በጣቶቹ መካከል ያሟሟዋል፣ ከዚያ «ለጋ ነው»፣ «መካከለኛ ነው»፣ «በሳል ነው» ብሎ ይፈርዳል። ቅቤው ቤት ደርሶ ይነጠራል፤ ከዋሳ (ከቆጮ) ጋር ተለውሶ ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ ይሆናል፤ በሸክላ ዕቃ ቀርቦ ይበላል። እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጉሮሮ በታች ያለውን መንገድ ግን ማንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ዛሬ ቀትር የተበላው ቅቤ እስከ ማታ ተቃጥሎ ጉልበት ሆነ? ወይስ ወደ ጎን ሄዶ ከቆዳ በታች ተቀመጠ? ተቀምጦ ከሆነስ እስከ መቼ? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እስከ 1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ድረስ ግን በምድር ላይ በእርግጠኝነት የሚመልሰው ሰው አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅቤ ውስጥ ፓልሚቲክ የሚባል የስብ አሲድ አለ፤ አሥራ ስድስት ካርበኖች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። በእኛም ገላ ውስጥ ያው ፓልሚቲክ አሲድ አለ። የላሚቱና የሰውየው ፓልሚቲክ ቁርጥ አንድ ነው። አንድ ጥቁር ጊደር በመቶ ጥቁር ከብቶች መንጋ ውስጥ ብትቀላቀል፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት ከሌለ፣ ባለቤቷም አይለያት። የተበላው ስብ ገላ ውስጥ እንደገባ ከቀድሞው ስብ ጋር ይቀላቀላል፤ ዱካውም እዚያው ይጠፋል።

የዱካውን ችግር ቀድሞ የተረዳው ጀርመናዊው ፍራንስ ክኖፕ ነበር። በ1904 በስብ አሲዱ ሰንሰለት ጫፍ ላይ የቤንዝን ቀለበት አስሮ ለውሾች አበላ፤ ከዚያም ሽንታቸውን መረመረ። ቀለበቱ ከየትኛው የሰንሰለት ቁራጭ ጋር እንደወጣ በማየት፣ አካላችን የስብ አሲድን ሁለት ሁለት ካርበን እየቆረጠ እንደሚያፈርሰው አወቀ። ታላቅ ግኝት ነው፤ ዛሬም ይጸናል። ምልክቱ ግን ግዙፍ ነበር። ከብቷን ለመለየት ብሎ አንገቷ ላይ ከበሮ እንደማሰር ያለ ነው፤ የታሰረባት ላም እንደሌሎቹ አትሄድም፣ አትግጥም፣ አታርፍም። አካሉ ያንን ቀለበት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ወደ ውጭ ገፋው። ስቡ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ለማወቅ የሚያስፈልገው አካሉ ራሱ የማያውቀው፣ የሚለካው ሰው ብቻ የሚያየው ምልክት ነበር።

ያ ምልክት የተገኘው በ1931 መጨረሻ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃሮልድ ዩሬይ የተባለው ኬሚስት፣ ሃይድሮጅን ሁለት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም የሚል ጽሑፍ አነበበ። ጸሐፊዎቹ፣ በርጅ እና ሜንዘል፣ ከ4,500 የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ እጥፍ ክብደት እንደሚኖረው ገምተው ነበር። የግምታቸው መሠረት በወቅቱ የታወቀው የሃይድሮጅን ክብደት ነበር፤ ያ ቁጥር ራሱ ስህተት ነበረው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተስተካከለ። የተስተካከለው ቁጥር አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ፍለጋውን የሚያስጀምር ምክንያት ባልተገኘ ነበር። ዩሬይ ግን በስህተቱ ተመርቶ እውነቱ ላይ ደረሰ። ዋሽንግተን የሚገኘው ፈርዲናንድ ብሪክዌዲ ፈሳሽ ሃይድሮጅን በዝግታ እያተነነ ዝቃጩን ላከለት፤ ቀላሉ ሲተን ከባዱ ወደ ታች ይቀራልና። ዩሬይና ረዳቱ ጆርጅ መርፊ በዚያ ዝቃጭ ብርሃን ውስጥ ደብዛዛ መስመሮችን አዩ። የመስመሮቹ ቦታ በስሌት ከተጠበቀው ጋር ገጠመ። ዲዩቴሪየም ተባለ፤ ዩሬይም በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። በተፈጥሮ ያለው መጠን ዛሬ ይታወቃል፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶሞች 156 ያህሉ ብቻ ናቸው ከባዶቹ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ሩዶልፍ ሾንሃይመር በርሊን የተወለደ ሐኪምና ኬሚስት ነበር፤ ፍራይቡርግ ይሠራ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ ሥራውን አጣና ወደ ኮሎምቢያ ተሰደደ። ከዩሬይ ጋር ዶክትሬቱን የሠራው ዴቪድ ሪተንበርግ ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለሕይወት ሳይንስ ሰዎች ዲዩቴሪየምን እንዲያስተዋውቅ ተመደበ። አንዱ ስለ ስብ የሚጠይቅ፣ ሌላው ከባዱን አቶም የሚያውቅ። ስደት ያገናኛቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች ያደረጉት ነገር አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል።

የመረጡት ስብ የተልባ ዘይት ነበር። እኛ በጾም ወቅት በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው፣ ከእንጀራ ጋር የምንበላው ተልባ! የተልባ ዘይት የስብ አሲዶች ሰንሰለት ላይ ክፍት እጆች አሉ፤ ኬሚስቶች ድርብ ትስስር ይሉታል። ሾንሃይመርና ሪተንበርግ በእነዚያ ክፍት እጆች ላይ ዲዩቴሪየም አስያዙ። የተገኘው ስብ በጣዕምም፣ በመዓዛም፣ አካል በሚይዘው መንገድም ከሌላ ስብ አይለይም፤ ልዩነቱ ትንሽ መክበዱ ብቻ ነው። ይህን ስብ በጣም ጥቂት አድርገው ከአይጦች መኖ ጋር ቀላቀሉት። አይጦቹ አልሰቡም፤ የሚበሉት ስብ ለዕለት ፍላጎታቸው እንኳ የሚተርፍ አልነበረም።

የዘመኑ ሊቃውንት የሰውነትን ስብ እንደ ጎተራ ያዩት ነበር። የዕለት እንጀራ ከመሶብ ይበላል፤ የተረፈው ጎተራ ይገባል፤ ጎተራው የሚከፈተው ራብ ሲመጣ ነው። በዚህ አስተሳሰብ የእነዚያ አይጦች ስብ በዕለቱ መቃጠል ነበረበት፤ ጎተራ የሚገባ ትርፍ የላቸውምና። ሾንሃይመርና ሪተንበርግ ከቀናት በኋላ የአይጦቹን ስብ አውጥተው አቃጠሉት፤ ከቃጠሎው የተገኘውን ውሃ አጠሩት፤ ከተራ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ለኩት። ከባድ ውሃ ከተራው በአሥር ከመቶ ያህል ይከብዳል፤ ጥቂትም ቢሆን ከተቀላቀለ ሚዛኑ ይናገራል። ውጤቱ የተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። ምልክት የተደረገበት ስብ ብዙው የተገኘው ጎተራው ውስጥ ነበር። አይጦቹ ያቃጠሉት የዕለቱን ምግብ ሳይሆን ከጎተራው የወጣውን የቀድሞ ስብ ነው፤ የዕለቱ ደግሞ ጎተራ ገብቶ ቦታውን ይተካል። ሚዛን ላይ ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ውስጡ ግን ሁሉም ነገር እየተለዋወጠ ነው።

ቆሞ የሚታየው ስብ የሚፈስ ወንዝ ነበር ማለት ነው።

ቀጥለው አይጦቹን በዲዩቴሪየም የበለጸገ ውሃ አጠጡ። አካል አዲስ የስብ አሲድ ሲሠራ ሃይድሮጅኑን ከገላ ውሃ ይወስዳል፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት የተሠራ ስብ ሁሉ የውሃውን ምልክት ይይዛል። ውሃው ሲቋረጥ ምልክቱ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ሄደ። አንድ የስብ አሲድ ግን ምልክቱን እምቢ አለ፤ ሊኖሌይክ። አካል ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ ብቻ ነው የሚያገኘው። እናቶቻችን ኑግና ሱፍ ጨምቀው ያበሉን ዘይት በዚህ አሲድ የታወቀ ነው።

ሾንሃይመር በ1941፣ በ43 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሞተ። ጓደኞቹ ትምህርቶቹን ሰብስበው በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ አወጡለት። ያ መጽሐፍ «አካል የሚለዋወጥ እንጂ የሚቆም አይደለም» የሚለውን ሐሳብ ለባዮኬሚስትሪ አወረሰ።

እስካሁን የተናገርኩት የሐሳቡን ታሪክ ነው። የልኬቱ ታሪክ ከዚህ ይረዝማል፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝም እሱ ነው።

ሾንሃይመር በመጀመሪያው ሙከራ ስቡን በሙሉ አንድ ላይ ነበር ያቃጠለው። ፓልሚቲክ ይሁን ስቴሪክ፣ ኦሌይክ ይሁን ሊኖሌይክ፣ በትንሽ ናሙና ለይቶ መጠየቅ እጅግ አድካሚ ነበር። ብዙ ስብ ያስፈልገዋል፤ አይጡም መታረድ አለበት። ከሰው የሚወሰደው ደግሞ ጥቂት የደም ጠብታ ነው። መለየቱ በ1952 ተገኘ። ለንደን አጠገብ አንቶኒ ጄምስና አርቸር ማርቲን ጋዝ ክሮማቶግራፊን ለዓለም ሲያሳዩ የለዩት ድብልቅ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ የስብ አሲዶች ድብልቅ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ከፀጉር ብዙ የማይወፍር፣ 30 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ የመስተዋት ቱቦ አለው። የስብ አሲዱ በሜታኖል ተዘጋጅቶ እንዲተን ይደረጋል፤ የሂሊየም ጋዝ በቱቦው ውስጥ ይገፋዋል፤ አጭሩ ሰንሰለት ቀድሞ፣ ረጅሙ ዘግይቶ ይወጣል። እንደ ሯጮች እያንዳንዱ በየደቂቃው በሩ ላይ ይደርሳል።

ቀጣዩ ሥራ በሩ ላይ ሆኖ ስንቱ ከባድ፣ ስንቱ ቀላል እንደሆነ መቁጠር ነው። ለካርበን ይህ በ1978 ተቻለ፤ ድዋይት ማቲውስና ጆን ሄይስ ከክሮማቶግራፉ የሚወጣውን እያንዳንዱን ውህድ ወደ ጋዝ ለውጠው ከባድና ቀላል ዓይነቶቹን፣ ማለትም አይሶቶፖቹን፣ የሚቆጥር መሣሪያ ሠሩ። ሃይድሮጅን ግን ሃያ ዓመት አስጠበቀ። ምን አዘገየው?

ሞለኪዩሉ ከ1,400 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት የሴራሚክ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይፈራርሳል፤ ካርበኑ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ የሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ሁለት ቀላል ሃይድሮጅን ያለው ክብደቱ 2 ነው፤ አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ያለው 3 ነው። ጋዙን በክብደት የሚለየው መሣሪያ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ 2ን በአንድ ጽዋ፣ 3ን በሌላ ጽዋ ይቀበላል፤ የሁለቱ ንጽጽር መልሱ ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ጋዙን የሚገፋው ሂሊየም ክብደቱ 4 ነው፤ ብዛቱም ከምንፈልገው ክብደት 3 ጋር ሲተያይ እንደ ጎርፍ ነው። ከሂሊየሙ ጥቂቱ መንገድ ላይ ተጋጭቶ ጉልበቱን ካጣ ወደ 3 ጽዋ ዘሎ ይገባል። ያ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ውስጥ ሃይድሮጅን ከሃይድሮጅን ሲጋጭ ሦስት ቀላል አቶሞች ተጣብቀው ክብደታቸው 3 የሆነ ሐሰተኛ ከባድ ይሠራሉ። ጋዙ በበዛ ቁጥር ሐሰተኛው ይበዛል። የሐሰት ምስክር የበዛበት ችሎት ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ መፍትሔዎቹ ተከታትለው መጡ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ቶቢያስና ቶማስ ብሬና ሃይድሮጅንን ብቻ የሚያሳልፍ የፓላዲየም ማጣሪያ ሞከሩ። ሌሎች ከ3 ጽዋ ፊት የኤሌክትሪክ በር አቆሙ፤ ጉልበቱ የጎደለ ሂሊየም በሩን መውጣት ያቅተዋል። ሐሰተኛው ባለ ሦስት ደግሞ በስሌት እንዲቀነስ ተደረገ፤ ሙያተኛው በየዕለቱ ንጹሕ ሃይድሮጅን በተለያየ ግፊት እያስገባ የዕለቱን የሐሰት መጠን ይለካል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ውጤት ይቀንሳል። ስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ አካባቢ ቻርልስ ስክሪምጆርና ባልደረቦቹ በ1999 በዚህ መንገድ በስብ አሲዶች ውስጥ የገባ ዲዩቴሪየምን መለካታቸውን አሳተሙ። ሾንሃይመር በአይጥ ጎተራ ስብ የጠየቀውን ጥያቄ በጠብታ ለመጠየቅ 64 ዓመት ፈጀ።

መሣሪያው ሲኖርም ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ ዲዩቴሪየም የለበሰ ፓልሚቲክ አሲድ ከተራው ፓልሚቲክ ቀድሞ ከቱቦው ይወጣል። ከባዱ ቀዳሚ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። የሯጩ ፊት ከባድ፣ ጀርባው ቀላል ይሆናል ማለት ነው፤ ግማሹን ብቻ የቆጠረ ሰው ውሸት ይለካል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መቁጠር ግድ ነው። ፓልሚቲክ አሲዱ በሜታኖል ሲዘጋጅ ደግሞ ከ34 ሃይድሮጅኖች ሦስቱ ከሜታኖሉ የመጡ ይሆናሉ፤ የስብ አሲዱ ድርሻ 31 ብቻ ነው፤ ሦስቱን መቀነስ የዘነጋ ሰው ያልበላውን ለበላው ይቆጥራል። ቱቦውም ያስታውሳል። በዲዩቴሪየም የበለጸገ ናሙና ካለፈ በኋላ ጥላሸቱ ውስጥ የቀረው ምልክት ወደሚቀጥለው ናሙና ይንጠባጠባል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ሰዎች ቀላሉን አስቀድመው፣ ከባዱን አስከትለው ይለካሉ፤ የቡና ሲኒ ቀድሞ ለአዋቂ፣ ኋላ ለልጅ እንደሚዞር የታወቀ ሥርዓት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሲዳማ ውስጥ ምልክት የተደረገበት ምግብ ተበልቶ ያውቃል፤ ያኔ ግን የተከተሉት ስብን ሳይሆን ዚንክን ነበር። በ2006 በታተመ ጥናት ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮሎራዶ፣ ከኦክላሆማና ከኒውዚላንድ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በገጠር ሲዳማ የሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች ከምግባቸው ምን ያህል ዚንክ እንደሚያገኙ ጠየቁ። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን አንቆ ስለሚይዝ፣ በሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። አንድ የዚንክ አይሶቶፕ በምግብ ሰጡ፣ ሌላ በደም ሥር ሰጡ፤ በሽንት ውስጥ የሁለቱን ንጽጽር ለኩ። ጅማ ላይ ደግሞ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የገላ ውሃቸውና የጡንቻቸው መጠን እንዲታወቅ የዲዩቴሪየም ውሃ ጠጥተዋል። ዲዩቴሪየም ጨረር አያወጣም፤ በዚህ መጠን ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ያለ ስጋት ሊለካበት ይችላል።

አሁን ከገበያው ወደ ሐይቁ እንውረድ። አሞራ ገደል ጋር ቆሞ ሐዋሳ ሐይቅን የሚያይ ሰው ከፊቱ የተኛ ውሃ ያያል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ በፀሐይ ሲተን ጨው ሊሆን ይገባው ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሻላና አቢያታ እንደሆኑት። ሐዋሳ ግን ውሃው ዓሣ የሚያረባ፣ ለስላሳ ነው። ጨዉ የት ሄደ?

መልሱን የሰጠው ያው ከባድ ሃይድሮጅን ነው። ውሃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ይነሳል፤ ብሪክዌዲ ሃይድሮጅንን ሲያተንን እንደሆነው ሁሉ። የቀረው ሐይቅ እየከበደ ይሄዳል፤ ሐዋሳ ሐይቅ በዲዩቴሪየም ከባሕር ውሃ እንኳ ይከብዳል። ዝናብ እንዲህ አይደለም፤ የዝናብ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በአንድ የታወቀ መስመር ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ የተነነ ውሃ ከመስመሩ ይወጣል። ከመሬት በታች የሚቀዳ ውሃ ይህን የትነት ምልክት ይዞ ከተገኘ፣ አንድ ጊዜ ሐይቅ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። በ1996 ጆርጅ ዳርሊንግ፣ ብርሃኑ ግዛውና ሙሳ አሩሴ ይህን ምልክት ተከትለው በናይቫሻ፣ በባሪንጎ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆችና በከርሰ ምድር ውሃ መካከል ያለውን ዝምድና አሳተሙ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውሃ በድንጋዩ ሥር ይሰርጋል፤ አንዳንዴም ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ ጨዉንም ይዞ ይሄዳል።

የአይጦቹ ስብና የሐዋሳ ሐይቅ አንድ ዓይነት ነገር ሆኑ ማለት ነው። ሁለቱም ቆመው ይታያሉ፤ ሁለቱም በሥር ይፈስሳሉ፤ ሁለቱንም ያጋለጠው አንድ አቶም ነው።

ሐይቁ ሌላም ነገር ይዟል፤ ጭቃውን። አንጄላ ላምብ፣ ሜላኒ ሌንግ፣ ሄንሪ ላምብ፣ ሪቻርድ ቴልፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር በ2002 ባሳተሙት ጥናት የ6,500 ዓመት የሐዋሳ ሐይቅ ደለልን በኦክስጅንና በካርበን አይሶቶፕ አነበቡ። ያገኙት ነገር ቀና ሰዎች ብቻ የሚናገሩት ነው፤ ለውጡን ሁሉ ለአየር ንብረት መስጠት አይቻልም፤ ከሥር የሚገባና የሚወጣ ውሃም የራሱን ፊርማ ይጥላል። ሐይቁ ስለ ዝናብ ሲጠየቅ ስለ ራሱም ይመልሳል።

ታዲያ ስለ ዝናብ ብቻ የሚናገር ማን ነው? ቅጠል። ተክል በሥሩ የዝናብ ውሃ ጠጥቶ ከዚያ ሃይድሮጅን የስብ አሲድ ይሠራል፤ የሾንሃይመር አይጦች ከጠጡት ውሃ እንደሠሩት ሁሉ። ቅጠሉን ከድርቅ የሚጠብቀው ሰም ውስጥ 28 እና 30 ካርበን የሚደርሱ ረጃጅም የስብ አሲዶች አሉ። ሰሙ በነፋስና በጎርፍ ሐይቅ ይገባል፤ ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመታት ይቆያል፤ ሃይድሮጅኑም ካርበኑን አጥብቆ እንደያዘ ይኖራል። ሰምና ወርቅ የምንለው ነገር እዚህ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ሰሙ የቅጠል ነው፣ ወርቁ ዝናቡ። ተክሉም የራሱን ጣልቃ ገብነት አያጣም፤ ከዝናቡ ይልቅ በጣም የቀለለ ሃይድሮጅን ይመርጣል፣ ቅጠሉም ይተንናል፤ ይህ ሁሉ በስሌት ይታሰባል።

ይህን ያደረጉት በጣና ነው። ካሳንድራ ኮስታ፣ ጄምስ ራስል፣ ብሮንዌን ኮኔኪና ሄንሪ ላምብ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከጣና ሐይቅ ወለል የወጣ የ15,000 ዓመት ደለል ውስጥ የቅጠል ሰም ዲዩቴሪየምን ለኩ። ቁጥሩ ከባሕር ውሃ በ80 እስከ 170 ከሺህ የቀለለ ሆኖ ተገኘ። ከ13,000 እስከ 11,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰሙ በድንገት ቀለለ፤ ሰሐራ አረንጓዴ የሆነበት የዝናብ ዘመን መጣ፤ የንፋሱ ድንበር ተገፍቶ ከኮንጎ በኩል የሚመጣው እርጥበት ጣና ደረሰ። ከ8,500 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ እንደዚያው በድንገት ተመልሶ ከበደ። ጄሲካ ቲየርኒና ፒተር ዲሜኖካል በ2013 በኤደን ባሕረ ሰላጤ ደለል ውስጥ ያነበቡት የቅጠል ሰም ግን የዝናቡን ዘመን ማብቂያ ወደ 5,000 ዓመት ገደማ ያደርሰዋል። አንድ የአፍሪካ ቀንድ፣ ሁለት የተለያየ ቀን። ጣና ላይ ዝናቡ ሲቀንስ በምሥራቁ ገና ይዘንብ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የተለካን ለአገሩ ሁሉ መናገር እንደማይቻል ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ይህ ሁሉ ንባብ ግን የዛሬውን ዝናብ ካላወቅን ባዶ ነው። አዲስ አበባ ከ1961 ጀምሮ ዝናቧን በየወሩ አጠራቅማ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ ከሚልኩ ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ መዝገብ ምክንያት ነው የአዲስ አበባ ዝናብ ከከፍታዋ አንጻር ያልተጠበቀ ክብደት እንዳለው የታወቀው። ሰይፉ ከበደና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ዓመታት የደከሙበት እንቆቅልሽ ነው። ያ እንቆቅልሽ የተገኘው በትልቅ ማሽን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው በየወሩ ጠርሙስ ስለሞላም ነው።

ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ የምታስተምሩ፣ የምትማሩ፣ የዝናብ መለኪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የወሩን ዝናብ አጠራቅሙ። በማጠራቀሚያው ላይ እንዳይተን ስስ የፓራፊን ዘይት ጨምሩበት፤ ወሩ ሲያልቅ ውሃውን ከዘይቱ ሥር ቅዱት። ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ፤ አየር አትተዉበት፤ ክዳኑን አጥብቁ። ከሐይቁም በዚያው ቀን አንድ ጠርሙስ ቅዱ። ወሩን፣ ቦታውንና የዘነበውን ሚሊሜትር ጻፉበትና ጨለማ መደርደሪያ ላይ አኑሩት። ማሽኑ ዛሬ አጠገባችሁ ባይኖር ጠርሙሱ ይጠብቃል፤ ያልተቀዳ ዝናብ ግን ተመልሶ አይለካም።